ሁለት ፖስታ ከክሮስሪግ፦ የአቶ ኦስዋልድ በርኬት የሕይወት ታሪክ

አቶ ኦስዋልድ በርኬት ከአባታቸው ከአቶ ኢኖክ በርኬትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታምሲን ግሪቭ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 3 ቀን 1914 በሰሜን እንግሊዝ፣ በዌስትሞርላንድ፣ ክሮስሪግ በምትባለው በዚህች መንደር ተወለዱ። በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው ተማሩ። ታናሽ እህታቸው ሂልዳ ግን እናታቸው በመታመማቸው ከልጅነቷ ጀምሮ ላም ስታልብ ቀረች። ይህን የጻፈችውም እሷ ናት፤ ጽሕፈቷ የሚያስቀይመው ካለ ዓይኑን ጨፍኖ ይስማ።

በ1930 በባቡር መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። ከሰው ርቃ በሐዲዱ ዳር በቆመች የእንጨት ማማ ውስጥ ሆነው፣ ለባቡሮች መንገድ እየከፈቱና እየዘጉ አርባ ዘጠኝ ዓመት አገለገሉ። ባቡር ሲያልፍ እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር። ባቡሩ ግን አይቆምም።

የድሮ ቴምብር መሰብሰብ የጀመሩት በዚያች ማማ ነው። ሌላው ሰው የሚያየው የንግሥት ቪክቶሪያን ፊት ነው፤ አቶ ኦስዋልድ የሚያዩት ፊቷ ላይ የተመታውን ጥቁር ማኅተም ነበር። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ፖስታ ቤት የራሱ ቁጥር ነበረውና፣ እሳቸው ከደበዘዘ ግማሽ ቁጥር ተነሥተው ደብዳቤው ከየትኛው መንደር እንደተላከ ይናገሩ ነበር። በኬንዳል ከተማ ሰብሳቢዎቹ ሲገናኙ አንድ ነጋዴ፣ «በርኬት፣ ይቺ የለንደን ናት፤ ስምንት ቁጥሯን እያት» ቢላቸው፣ «ስምንት ያልካት ስድስት ናት፤ ቀለም ፈስሶባት ነው። መነጽርህን እጠብ» አሉት። በሕይወታቸው ሰው ያሳቁት ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል።

ትዳር አልመሠረቱም። አንዲት የኬንዳል ልጅ ወድዳቸው ነበር፤ ማማው ድረስ ብትመጣ ስለ ማኅተም ቀለም ሁለት ሰዓት ሙሉ ነገሯት። አልተመለሰችም።

በ1949 እናታቸው ሲሞቱ ሂልዳ በሣጥን ውስጥ የአያታቸውን ደብዳቤዎች አገኘች። ወንድሜን ደስ ላሰኘው ብላ ቴምብሮቹን በመቀስ ቆርጣ፣ በሰሐን ደርድራ አቀረበችላቸው። የቀረውን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ማኅተሙ ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ እንደሚያርፍ ማን ነግሯት? አቶ ኦስዋልድ ሰሐኑን አይተው፣ «ሂልዳ፣ አንቺ እኮ ጆሮውን ቆርጠሽ አስቀርተሽ ሰውየውን አቃጠልሽው» አሏት። እንባቸውም መጣ። እሷም፣ «ለእናትህ ያላለቀስከውን ለወረቀት ታለቅሳለህ? ውጣልኝ!» አለቻቸው። ወጡ። ኬንዳል ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው እስከ መጨረሻው እዚያው ኖሩ።

ከዚያ ወዲህ ዋና ሥራቸው የሚዘጉ ፖስታ ቤቶችን መከታተል ሆነ። አንድ የገጠር ፖስታ ቤት ሊዘጋ ነው ሲባል ለኃላፊው ይጽፋሉ፦ የመጨረሻው ቀን ማኅተም የተመታበት ፖስታ በስሜ ይላክልኝ፤ እንዳይታጠፍም ውስጡ ካርቶን ይደረግበት። አከራያቸው «የአቶ በርኬት ወዳጅ ብዛቱ!» ትል ነበር። በየሳምንቱ ፖስታ ይመጣላቸዋል፤ ውስጡ ካርቶን ነው። አንዱንም አይከፍቱም፤ ለሰብሳቢ የተቀደደ ፖስታ የተበላሸ ፖስታ ነው።

የእኛም የክሮስሪግ ፖስታ ቤት በጥቅምት 1958 ተዘጋ። ወራት ስታመነታ የቆየችው ሂልዳ በዚያው በመጨረሻው ቀን ለወንድሟ ደብዳቤ ላከች። ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶባታል። «ወረቀቱን በማቃጠሌ አጥፍቻለሁ። ቤቱ ለእኔ ብቻ ሰፍቶኛል። ና» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። በጽሕፈቷ ስላፈረች አድራሻውን ያጻፈችው የፖስታ ቤቱን ኃላፊ ወይዘሮ ማውሰንን ነው። የፖስታው ሙጫ አልይዝ ቢላት በዱቄት ሊጥ አሸገችው። መልስ አልመጣም። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አልመጣም። ሂልዳም ሁለተኛ የምትጽፍ ሴት አይደለችም።

በዚህ ዓመት በጥር ወር ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። ሂልዳ ተጠርታ ሄደች። አቶ ኦስዋልድ ቀና ብለው አይተዋት፣ «መጣሽ? አይ ሂልዳ! በዚህ ሁሉ ዓመት አንዲት መስመር እንኳ ትነፍጊኝ?» አሏት። ያሾፉባት መሰላት። «ዓይንህን በጨው አጥበህ!» ብላ ኮፍያዋን አንሥታ ወጣች። በሦስተኛው ቀን፣ የካቲት 21 ቀን 1984፣ በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። አጠገባቸው ሰው አልነበረም።

ክፍላቸውን ልታጸዳ ገብታ አልበሞቻቸውን ገለጠች። በአንደኛው ገጽ ላይ ሁለት የታሸጉ ፖስታዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ማኅተማቸው አንድ፣ አድራሻው የወይዘሮ ማውሰን ጽሕፈት። የአንደኛው መታሸጊያ ላይ ሊጡ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ከሥር አቶ ኦስዋልድ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ክሮስሪግ፣ የመጨረሻ ቀን። ወይዘሮ ማውሰን በደግነታቸው አንድ ትርፍ ልከውልኛል።»

ከግማሽ ቁጥር መንደር የሚያውቁ ሰው፣ የቤታቸውን ሊጥ ሳያውቁት ቀሩ።

አቶ ኦስዋልድ ሚስትም ልጅም የላቸውም፤ የቀረቻቸው ሂልዳ ብቻ ናት። ዛሬ ከእናታቸው ጎን ያርፋሉ። ሊጥ ያለበት ፖስታ በደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ አልተቀደደም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በማይዘጋው ደጁ ይቀበልልን።

ካርቶን አይደለም፣ ኦስዋልድ። ክፈተው።