ሐምበሪቾ ላይ ያነሳሁህ ፎቶ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለዕንባቆም፤

እንዴት ነህ? ሳልህስ ተሻለህ? ደረጃ ስትወጣ ይቆረጥምህ የነበረው ጉልበትህስ? ካሜራ ስትይዝ የሚደነዝዙት ጣቶችህስ እዚያ ይሞቃቸዋል? እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልህ መዋሸት ይሆንብኛል። አንዴ ዋሽቼሃለሁ፤ ይበቃኛል።

ከቀበርንህ ዛሬ አሥራ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ዶዮገና ሠርግ አንስተህ ስትመለስ ሞተሩ በሚያሟልጨው መንገድ ላይ ተንሸራቶ ጣለህ። ስልክህ ደቀቀ፤ ካሜራህ ግን ከነቦርሳው ምንም ሳይሆን ቤት ገባ።

ለለቅሶው ድንኳን ባነር ፎቶህን የፈለገው ጓደኛህ ኤሊያስ ነው። ካሜራህን ከፍቶ እስኪደክመው አየ። ሙሽሮች አሉ፣ ተመራቂዎች አሉ፣ አጆራ ፏፏቴ ፊት የቆሙ እንግዶች አሉ፣ ለያሆዴ በዓል ከሌሞ የመጡ ፈረሰኞች አሉ። የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰልፎ አንተ ብቻ የለህም። «ሐምበሪቾ ላይ ያነሳኸውስ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልወጣም አልኩት። በመጨረሻ የመታወቂያህን ፎቶ አስፍተው አሳተሙ። ማኅተሙ አገጭህን ይዞታል፤ ዓይንህም የተቆጣ ሰው ዓይን ነው። እማዬ ባነሩን አይታ «ልጄ እንዲህ ተቆጥቶ አያውቅም፤ የማንን ልጅ ነው የሰቀላችሁብኝ?» አለች። ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔም ደፋሁ፤ የእኔ ግን ሐዘን ብቻ አልነበረም።

ፎቶው ወጥቶ ነበር፣ ዕንባቆም። በመስከረም መጨረሻ የቤተ ክርስቲያን ኳየራችን የሐምበሪቾን ተራራ የወጣ ቀን፣ ሰባት መቶ ሰባ ሰባቱን ደረጃ ጨርሰን ዱራሜን ቁልቁል ስናይ፣ ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቅክልኝ። «ሁልጊዜ እኔ ነኝ አትንቀሳቀሱ ባይ። ዛሬ አንተ አንሳኝ፤ ለእማዬ ግድግዳ የሚሆን አድርገህ» አልከኝ። ግራ እግርህን ከፍ ያለው ደረጃ ላይ አሳርፈህ፣ እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ፣ ራስህን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረግክ። ኤሊያስ «ተው፣ ሌንሱ ይሰነጠቃል!» ሲልህ «ያንተን ግንባር የቻለ ሌንስ እኔን አያቅተውም» አልከው። ሳቅህ ሳያልቅ አነሳሁህ።

ስንወርድ ሚሞሪው ሞላ። ከኳየራችን ልጆች ማህሌት አብራኝ ልትነሳ እሺ ብላኛለች፤ እሺታዋ እስከ ታችኛው ደረጃ የሚቆይ አልመሰለኝም። የአንድ ፎቶ ቦታ ነበር የቸገረኝ። የሌላ ሰው ባጠፋ ባለቤቱ ይጠይቅሃል። አንተ ግን የቤት ሰው ነህ፣ አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው፤ ነገም ይነሳል ብዬ ያንተን ሰረዝኩት። ማታ ስትጠይቀኝ «ጨፍነሃል፤ አልወጣም» አልኩህ። «ድሮም መጨፈን ልማዴ ነው፤ ይቅርታ፣ በከንቱ አደከምኩህ» አልከኝ። ይቅርታ የጠየቅከው አንተ ነህ። እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

ትንሿ እህታችን ርብቃ ሰላም ትልሃለች፤ የወለቀ ጥርሷን ሳታነሳላት በመሄድህ ተቀይማሃለች። አባባም ሰላም ይልሃል፤ አፍ አውጥቶ ባይናገርም የካሜራህን ቦርሳ በየቀኑ ይወለውላል።

እስከ ትናንት ለለቅሶ የመጡት የአጎታችን ልጆች እኛ ክፍል ስለሚያድሩ ብቻዬን ነቅቼ አላውቅም። ትናንት ማምሻውን ሄዱ። ዛሬ ጠዋት ስነቃ በግድግዳው በኩል ያንተን ቦታ ትቼ ነው የተኛሁት። ዩኒፎርሜን ሳልለብስ ጓዳ ገባሁ። እማዬ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ የማህሌትንም፣ ለኤሊያስ የዋሸሁትንም። ቢላዋውን አስቀመጠች። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝም በወደድኩ። «እንዴት ነበር የቆመው?» አለችኝ።

ልነግራት ሞከርኩ፤ ቃል አልሆነልኝም። ጃኬትህን አምጥቼ ለበስኩ። ግራ እግሬን የደጃፉ ድንጋይ ላይ አሳረፍኩ፣ እጄን ወገቤ ላይ አደረግኩ፣ ራሴን ወደ ቀኝ አዘነበልኩ። «ይስቅ ነበር?» አለች። ይስቅ ነበር አልኳትና ሳቅሁላት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ሁለታችንም ሰማነው። አይታ እስክትጨርስ ድረስ ሳልንቀሳቀስ ቆምኩላት።

ታናሽህ ምስክር
ሆሳዕና፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.