ግማሽ ትሪ

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ስኳሬ ወጥቷል። ዶክተር ማኅደረማርያም ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ወረቀቱን አየ። “ቲቸር፣ የሚበሉትን ሁሉ በደብተር ይጻፉ። መጠኑ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ግማሽ” አለኝ። አምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ ያስተማርኩት ልጅ! ግማሽ ምን ማለት እንደሆነ ዛሬ እሱ በጣቱ ሰሐን እየሣለ ያስረዳኛል። ከፋሲካ በኋላ ደብተሩን ይዤ እንድመለስ ቀጠረኝ።

እሺ። ይኸው ጀመርኩ።

ምሳ፦ ደመቀች ቤት፣ ሽሮ፣ ሙሉ። ግማሹን ለማን ልተወው?

ባለቤቴ ወልደኪዳን ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። እሱ ከሄደ በኋላ ለአንድ ሰው ድስት መጣድ አልሆነልኝም። ሞክሬዋለሁ... ሦስት ቀን የማይጨረስ ወጥ ይወጣኛል፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ደግሞ ያስለቅሰኛል። ስለዚህ ምግብ ቤት ለምግብ ቤት እዞራለሁ። በደብረ ብርሃን የማላውቀው የለም። የትኛው ቤት በርበሬ እንደሚሳሳ፣ የትኛው የትናንቱን እንጀራ ከዛሬው ሥር ደብቆ እንደሚያቀርብ አውቃለሁ። ጡረታ ወጣሁ እንጂ ማረም አልተውኩም።

ለደመቀች ቤት ግን ከዘጠና በታች ሰጥቼ አላውቅም። አስተናጋጁ ጋሽ ኪዳነወልድ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ትእዛዝ አይጽፉም። “ሽሮ” ካልኩ ቦዘናውን ያመጡታል፣ እየፈላ፣ ቋንጣው ከውስጥ ተደብቆ። እዚያ ቤት ከጾም ቀን ውጭ ሽሮ ማለት ቦዘና ነው። ጠይቀውኝ አያውቁም፣ እኔም አስረድቼ አላውቅም።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ምሳ፦ በያይነቱ፣ ከነሲባ ጋር። ግማሽ! (ዶክተር፣ ልብ በል።)

ነሲባ የአልዩ አምባ ነጋዴ ናት። በርበሬና ማሾ ለሱቆች ለማስረከብ ረቡዕ ረቡዕ ወደዚህ ትወጣለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ደመቀች ቤት ሞልቶ፣ የቀረው አንድ ጠረጴዛና አንድ ትሪ ሆነና “አብራችሁ ብትበሉስ?” ተባልን። በላን። በሚቀጥለው ሳምንት ማንም ሳያዘን አብረን ተቀመጥን።

እሷ እኛ ያረድነውን አትበላም፤ እኔም እነሱ ያረዱትን አልበላም። ረቡዕ ግን ሥጋ የለም። ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ስልጆው የሁለታችንም ነው። ስልጆውን ወደ እኔ ትገፋዋለች፣ ቀይ ሥሩን ወደ እሷ እገፋለሁ። ስንለያይ “እስከ ረቡዕ” ትለኛለች። ሌላ ስንብት የለንም።

ከሳምንቱ ሰባት ቀን ከሰው ጋር የምበላው አንዱን ነው። ይመስገን፣ እሱም አለ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ሔራን ከአዲስ አበባ መጣች። ልጄ እናቷን መጋበዝ አማራት፣ አዲሱ ባለ መስታወት ሆቴል ወሰደችኝ። ሜኑው ፎቶ አለው። ምግቡ ከፎቶው ያንሳል። ክለብ ሳንድዊች የሚሉት ነገር በስንጥር ተወግቶ መጣ፣ ስንጥሩን ሳወጣው ፈረሰ። ሔራን ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ሾርባው ግን ጥሩ ነበር። ሙቅ፣ ጨው ያልበዛበት። ሾርባውን የሠራውን ሰው ጠርቼ አመሰገንኩት፤ ሔራን አፈረች። ምን ያሳፍራል? ለስሕተት እስክሪብቶ የሚያነሣ ሰው ለትክክሉም ማንሣት አለበት።

ስድሳ አምስት።

የካቲት 1፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስወጣ ብርዱ አጥንት ይገባል። መናኸሪያው ጋ ያለው ቅቅል ቤት ሄድኩ። ወልደኪዳን እሑድ እሑድ ይወስደኝ የነበረው። መረቁን በሁለት እጁ ይዞ፣ መነጽሩ በእንፋሎት ተሸፍኖበት፣ “የት ሄድሽ?” ይለኝ ነበር። ዛሬ የእኔ መነጽር ተሸፈነ... ማን ይጠይቀኝ።

ቅቅል፣ ሙሉ። አላፍርም።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

እኛ ሰኞ ዐቢይ ጾም ገባን፣ እነሱ ዛሬ ሮመዳን ገቡ። ከተማው በሙሉ ጾመኛ ሆኖ እኔና ነሲባ አንድ ላይ መብላት አልቻልንም! ለእኔ በመድኃኒቱ ምክንያት የንስሐ አባቴ እስከ ስድስት ሰዓት ጹሚ ብለውኛል። እሷ እስከ መግሪብ። በሩ ላይ ቆማ ሎሚ ሰጠችኝና ሄደች። “ወሩ ሲያልቅ፣ ኢንሻአላህ” አለች።

በያይነቱ፣ ሙሉ፣ ብቻዬን። ስልጆው ደስ አላለኝም።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

መጣች! ለዒድ ሂና ተቀብታለች፣ ጣቶቿ ገና ቀይ ናቸው። አንድ ትሪ፣ ግማሽ። ስለ ልጆቿ፣ ስለ በርበሬው፣ ስለ ጉልበቴ አወራን። ምን እንደበላን አላስታውስም። ጥሩ ነበር ማለት ነው።

ሚያዝያ 4፣ እሑድ

ፋሲካ። ዶሮ። አትጠይቀኝ፣ ዶክተር።

ሚያዝያ 7፣ ረቡዕ

ምሳ፦ የለም።

ነሲባ እንደ ልማዷ መጣች። እንኳን አደረሰሽ አለችኝ፣ ከፌስታሏ ሎሚ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጋሽ ኪዳነወልድ ዛሬ ፍስክ ነው፣ በያይነቱ የለም አሉን። እውነታቸውን ነው፤ በዓለ ሃምሳ ገብቷል፣ ረቡዕም ፍስክ ነው፣ ማን ይበላዋል? “እንግዲያው ሽሮ ለሁለት” አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ስንት ዓመት የበላሁትን ቦዘና ረስቼ።

ቢስሚላህ ብላ ጎረሰች። ማኘኳን አቆመች። ሶፍት አንስታ አፏ ላይ ያዘች። ያኔ ገባኝ።

እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ... አልቻልኩም። ከመቀመጫዬ ተነሣሁና ጋሽ ኪዳነወልድ ላይ ጮህኩባቸው። “ዓይንዎን ምን ነካው? እስላም መሆኗን አያዩም?” በክፍል ድምፄ፣ እስከ መጨረሻው ወንበር በሚሰማው። የፋሲካ ሳምንት ነው፣ ቤቱ ጢም ብሏል። ሰው ሁሉ ዞረ። ወደ እሳቸው አይደለም። ወደ እኔም አይደለም። ወደ እሷ።

ነሲባ ተነሥታ አፏን ተጉመጠመጠች፣ ፌስታሏን አነሣች። “ደህና ዋይ” አለችኝ። እስከ ረቡዕ አላለችም።

ሎሚዎቹ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ።

ሚያዝያ 8፣ ሐሙስ

ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሣም። አራት ጊዜ።

ሚያዝያ 12፣ ሰኞ

ደመቀች ቤት ለመግባት አምስት ቀን ፈጀብኝ። ጋሽ ኪዳነወልድ ወንበር ሳቡልኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። እሱ ባሰብኝ። ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ፣ የጮህኩትም እኔ ነኝ አልኳቸው። ሰውዬው መሬት መሬቱን አዩ። ሃምሳው ሲገባ ረቡዕ ከማክሰኞ አይለይባቸውም ኖሯል፤ እጃቸው በልማድ ነው የሄደው። “ከእንግዲህ እጠይቃለሁ” አሉኝ።

ደመቀች ከጓዳ ወጥታ ሰማችን። ለነሲባ ሥጋ የማይነካው ድስት ለብቻ እገዛለሁ፣ ጭልፋውም ለብቻው ይሆናል አለች። ትመጣ እንደሆነ ግን አልጠየቀችኝም።

ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

ድስቱ ተገዝቷል። ትንሽ፣ ክዳኑ ሰማያዊ። ጭልፋው እጀታ ላይ ደመቀች ቀይ ክር አስራበታለች። እስከ ስምንት ሰዓት ተቀመጥኩ። አልመጣችም። ደንበኛዋ የሆነው ባለሱቅ በርበሬውን በሰው ልካለች አለኝ።

ሁለት ዓመት የሠራነው ነገር በአንድ ጩኸት? ሠላሳ ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ በስንቱ ልጅ ላይ እንዲህ ሰው አዞርኩ ይሆን... ዛሬ ነው የታሰበኝ።

ቡና፣ ያለ ስኳር። ሌላ የለም።

ሚያዝያ 21፣ ረቡዕ

እሷ ካልወጣች እኔ እወርዳለሁ አልኩ። ጉልበቴን በፋሻ ጠቅልዬ በጠዋት ወደ አንኮበር ተሳፈርኩ። አንኮበር ጉም ውስጥ ነው፣ ጋቢዬን ደርቤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ከዚያ ሌላ መኪና፣ ወደ ታች። በየጠመዝማዛው አንድ ልብስ አወልቃለሁ። ጋቢ፣ ሹራብ፣ ሻሽ። አልዩ አምባ ስደርስ ላቤ ይንጠባጠባል፣ እቅፌ ሙሉ ልብስ ነው።

ቤቷ ጠፍቶኝ አልተቸገርኩም፤ የወንድሟን የዓወልን ሱቅ ሁሉም ያውቀዋል። ራሱ ይዞኝ ሄደ። ነሲባ ደጃፏ ላይ በርበሬ ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችኝ። “ያ ሁሉ ልብስ ምንድን ነው?” አለች። መንገድ ላይ የተለማመድኩት ንግግር ጠፋብኝ።

ተቀመጥኩ። ውኃ ሰጠችኝ። ከዚያ፣ በርበሬዋን መልቀም ሳትተው፣ ተናገረች።

“ቁራሹ ምንም አይደለም፣ ሥርጉት። ሳላውቅ ነው፣ አላህም ያውቃል። ሁለት ዓመት እዚያ ቤት ስበላ ማንም ዞሮ አይቶኝ አያውቅም። እንደ ሰው ገብቼ፣ እንደ ሰው በልቼ ነው የምወጣው። አንቺ አዞርሽብኝ።”

ለአንቺ ብዬ ነው ልል ነበር። ደንግጬ ነው ልል ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ግን ለእሷ ምንም አይሠሩላትም። “አጥፍቻለሁ” አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

የያዘችውን በርበሬ አስቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ገባች።

ትሪ ይዛ ወጣች። ማሾ ወጥ፣ ጎመን፣ በቃሪያ የተሠራ ቲማቲም። ሁሉም በዘይት። “ረቡዕ አይደል? ቅቤም አላስነካሁትም” አለችኝ።

በዓለ ሃምሳ ነው እኮ! ረቡዕ አይጾምም! አፌ ተከፍቶ ነበር... ሠላሳ ሁለት ዓመት ስሕተት ሲያይ የሚከፈት አፍ ነው። ዘጋሁት። ስሕተት አይቼ ዝም ስል ይሄ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ጎረስኩ። ማሾው ላይ ሎሚ አለበት፣ ነጭ ሽንኩርቱ በልኩ ነው። ከምግብ ቤት ሁሉ፣ ከሆቴል ሁሉ... ለዚህ ቁጥር አልሰጥም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት እንኳ አነሰኝ፣ እንባዬ መጣ። ቃሪያው ነው አልኳት።

ነሲባ ጎመኑን ወደ እኔ ገፋችው።

ሚያዝያ 28፣ ረቡዕ

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነሲባ ገባች። ቤቱ ሙሉ ነው፣ ዛሬም ፍስክ ነው፣ በየጠረጴዛው ጥብስ ይጮሃል። ሽሮ አልኩ፣ ቀስ ብዬ። ጋሽ ኪዳነወልድ ጎንበስ አሉ፣ በእኔና በእሷ ጆሮ መካከል። “የትኛው ሽሮ?”

“ባለ ቀይ ክሩ” አልኳቸው።

ማንም አልዞረም። አንድ ሰው እንኳ።

እየበላን ነሲባ ትስቃለች። ምን ያስቅሻል አልኳት። ማሾውን ያቀረበችልኝ ቀን ረቡዕ ፍስክ መሆኑን ታውቅ ነበር ለካ! “ጋሽ ኪዳነወልድ ሲናገሩ አጠገብሽ አልነበርኩም? ዝም ማለት ትችይ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው” አለችኝ። ፈተነችኝ! እኔን! ስንት አገኘሁ ብዬ ጠየቅኋት። ሃምሳ አለች። የቀረው ሃምሳ የመንገዱ ነው፣ ወርደሽ ስለመጣሽ አለች።

ስንለያይ በሩ ላይ ነጠላዋን እያስተካከለች “እስከ ረቡዕ” አለችኝ። እዚህ እንኳ ደግሜ ልጻፈው። እስከ ረቡዕ።

ሚያዝያ 29፣ ሐሙስ

ቀጠሮዬ ነበር። ስኳሬ ትንሽ ወርዷል፣ ብዙ አይደለም። ዶክተር ማኅደረማርያም ደብተሩን ገጽ በገጽ አየ። ሁሉንም አነበበው መሰለኝ፣ አንዳንዱ ገጽ ላይ ቆየ። እስክሪብቶ አንሥቶ የሆነ ነገር ቆጠረ። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ አሁንም ጎበዝ ነው።

“ቲቸር፣ ግማሽ የበሉት ረቡዕ ረቡዕ ብቻ ነው” አለኝ። “በሌላው ቀን ሙሉ። ረቡዕ ግማሹን የት ያደርሱታል?”

“አልዩ አምባ” አልኩት።