ገንፎውን የበላነው እኛ ነን

ቀን፦ የካቲት 8 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለእርዳታ እህል ማደያ ጣቢያ ኃላፊ
ቆቦ

አመልካች፦ ወ/ሮ ራህመት ሰይድ፤ የቀድሞ መኖሪያ ከዋጃ በታች፤ አሁን በጣቢያው መጠለያ፣ ዳስ ቁጥር 9

ጉዳዩ፦ ያለ ጥፋቷ የተሰረዘው የምራቴ የሀጀራ ኑሩ የእናቶች ካርድ እንዲመለስላት ስለመለመን፤ ጥፋቱም የእኔ መሆኑን ስለማመን

ክቡር ሆይ፤

በመጀመሪያ ስለ ጤናዎ አላህን እለምናለሁ። እርስዎ ብዙ ሺህ ሰው የሚጠብቅዎ ሰው መሆንዎን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ፍሬ ነገሩን ላስቀድም።

1. ምራቴ ሀጀራ ጥር 5 ቀን በዚሁ መጠለያ ሴት ልጅ ተገላግላለች። ልጅቷ ኡሙሃኒ ትባላለች። ለነፍሰ ጡርና ለአራስ የሚታደለውን ወተት ያለበት ዱቄትና ዘይት ሀጀራ የምትቀበልበት ቀይ ካርድ ጥር 30 ቀን ተሰርዟል። ካርዱ ላይ «የተሰጣትን ለራሷ ባለማዋሏ» ተብሎ ተጽፏል። ያነበቡልኝ ይህንን ማመልከቻ የሚጽፉልኝ አቶ ሙላው ናቸው፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። በቃል የተነገረን ደግሞ ዱቄቱን ገበያ አውጥታችኋል የሚል ነው።

2. ዱቄቱ ገበያ አልወጣም። ተበልቷል። ሀጀራ ግን አልበላችውም።

3. የጣቢያው ሰዎች ለምን እንደጠረጠሩን ይገባኛል፤ አልወቅሳቸውም። አራሷ በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ስትወጣ እየቀነሰች ነው። ዱቄቱ ተሰጥቷታል። ስትጠየቅ በልቻለሁ ትላለች። ታዲያ ሰው ሌላ ምን ያስብ? እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እሰርዝ ነበር። ስለዚህ እውነቱን መናገር የእኔ ፈንታ ነው። አቶ ሙላው «እማማ፣ ማመልከቻ አጭር ሲሆን ነው የሚነበብ» ብለውኛል። ልክ ናቸው፤ ግን ጥፋቴ አጭር አይደለም።

4. እኔ አዋላጅ ነኝ። ከዋጃ እስከ ቆላው ድረስ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አዋልጃለሁ፤ ስንት ልጅ በእጄ እንደተቀበልኩ ቁጥሩን አላውቀውም። አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ ዚነት ትባል ነበር። ማሽላው ጎተራ ሞልቶ በተረፈበት ዓመት አረገዘች፤ እንደልቧ በላች፤ ሦስት ቀን አምጣ ልጁ ትልቅ ሆኖ አልወጣ አለ። እሷንም እሱንም በአንድ ቀን ቀበርኩ። ከዚያ ወዲህ ጥጋብ ነው ልጄን የገደላት ብዬ አመንኩ። የማዋልዳቸውን ነፍሰ ጡሮች ሁሉ ሰባት ወር ሲሞላቸው «ከእንግዲህ እጅሽን ሰብስቢ፤ ልጁ ይገዝፍብሻል» እል ነበር። ሰውም ያምነኝ ነበር፤ ልጇን የቀበረች ሴት ትዋሻለች ብሎ ማን ይጠረጥራል።

5. አገር ጥጋብ ሳለ ይህ ምክሬ ብዙ አልጎዳ ይሆናል። እጇን የሰበሰበችውም ቢሆን ዘወር ብላ ጥሬ ትቆረጥማለች፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ያለፈው ዓመት ዝናቡ ቀረ። በሬዎቹ አለቁ። የማሽላ አገዳ አኝከን፣ የቁልቋል ፍሬ ለቅመን ከረምን። ልጄ ታሂር ጥጥ ለቀማ ወደ አፋር ሲወርድ «እማ፣ ሀጀራን አደራ» አለኝ። ያን ጊዜ ሀጀራ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እኔም በአላህ ስም አደራውን ተቀበልኩ።

6. ኅዳር ላይ ቆቦ ደረስን። እርስዎን አላህ ይስጥዎ፤ ሀጀራ ወዲያው ተመዘገበችና ቀይ ካርድ ተሰጣት። በየሐሙሱ የምታመጣውን ዱቄት የምቀበላት እኔ ነኝ። ሰባት ወር አልፏት ስለነበር ገሚሱን ብቻ ነበር የምሰጣት። እሷ አንድ ቀን እንኳን ጨምሪልኝ አላለችም። ሰሃኗን በጣቷ ጠርጋ «በቅቶኛል እማ» ትል ነበር። የቀረውን በዳሱ ካሉት ሁለት ቤተሰቦች ጋር ከምንጥደው ድስት ውስጥ እጨምረዋለሁ። ከድስቱ እኔም እበላለሁ። በልቻለሁ፤ ይጻፍ።

7. ምጡ ቀሎ አለፈ። ልጅቷን ስቀበላት እጄ ላይ ምንም አልከበደችኝም። ክቡር ሆይ፣ ይህንን ስናገር አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ደስ አለኝ። «ይኸው ምክሬ ሠራ» ብዬ ለሴቶቹ ኮርቼ አወራሁ። ልጅቷ ስታለቅስ ድምጿ የድመት ግልገል ያህል ነበር፤ እኔ ግን ጨዋ ልጅ ናት አልኩ።

8. ጥር 9 ቀን የአራስ ድርሻ ተሰጠን፤ ለአሥራ አምስት ቀን የሚሆን ሦስት ጣሳ ዱቄትና አንድ ጠርሙስ ዘይት። ነርሷ ወይዘሪት በላይነሽ ለሀጀራ በደንብ አስረድተዋታል፤ ይህ ለአንቺ ብቻ ነው፣ አንቺ ካልበላሽ ጡትሽ ይነጥፋል ብለዋታል። እኔም ከኋላዋ ቆሜ ሰምቻለሁ።

9. እሑድ ጥር 12 ቀን የልጅቷ ስም ወጣ። በአገራችን ደንብ ስም ሲወጣ ሴቶች ይመጣሉ፤ አራሷን «እንኳን አላህ ማረሽ» ይላሉ፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ገንፎ ይበላል። እስላም ክርስቲያኑ አብሮ ነው የሚበላው። ሀብታም ሳለን አንድ ቁና ገብስ አገንፍቼ መሐሉን በቅቤ የሞላሁ ሴት ነኝ። አምስት ጎረቤቶቼ ዳሱ በር ላይ ቆመው ሳያቸው ባዶ እጃቸውን ነበሩ፤ ድሮ ቅቤ ይዘው ነበር የሚመጡት። እነሱም አፍረው ነበር፣ እኔም አፈርኩ። «ገና ሳንሞት ሞተናል ወይ?» ብዬ ተነሣሁና ከሦስቱ ጣሳ ሁለቱን አገነፋሁት። ዘይቱን እንደ ቅቤ መሐሉ ላይ አፈሰስኩ። ሦስተኛውን ጣሳ ደግሞ ለልጆቻቸው ብዬ በየነጠላቸው ጫፍ ቋጠርኩላቸው። ሴቶቹ መረቁኝ። ከዓመት ወዲህ እንደዚያን ቀን ሰው የሆንኩ አልመሰለኝም።

10. ሀጀራ ከመጋረጃው ኋላ ነበረች። ደንቡ መጀመሪያ ለአራሷ ማቅረብ ነው፤ እኔ ግን እንግዶቹ እንዳይቀርባቸው ብዬ ወደኋላ አልኩ። በመጨረሻ የደረሳት ድስቱ ላይ የቀረው ቅርፊት ነው። በውሃ አርሼ ሰጠኋት። ቀጥሎ ጥር 23 ቀን የተሰጠንም የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። በአንድ ዳስ፣ በአንድ ምድጃ፣ ሌላው ልጁን ይዞ እያየ ለአንድ ሰው ብቻ ድስት መጣድ ለእኔ ሞት ነው። እንደገና ከጋራው ድስት ጨመርኩት። ይሉኝታ ይዞኝ ነው እንዳልል፣ ይሉኝታው የእኔ ነው፣ የተራበችው ሌላ ናት።

11. ጥር 23 እና ጥር 30 ቀን ሀጀራ ሚዛን ላይ ወጣች። ሁለቱንም ጊዜ ነርሷ «የሰጠንሽን በልተሻል?» ብለው ጠየቋት። ሀጀራ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። እኔ አዎ በይ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት። «በልቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። በዚያ ቃሏ ነው ካርዷ የተሰረዘው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይኼ ነው፤ እኔ አጥፍቼ እሷ ተቀጣች፤ እሷ ደግሞ እስካሁን አማቴ ናት ያጠፋችው ብላ ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

12. ትናንት ሐሙስ ሀጀራ ልጅቷን አዝላ ከሰልፉ ቆማ ነበር፤ ካርድሽ አይሠራም ተብላ ተመለሰች። አርባ ቀኗ ገና አልሞላም። አንዱ ጡቷ ከነጠፈ አምስት ቀን ሆኖታል። ሌላውም ኡሙሃኒ ትጎትተውና ትተወዋለች። ሕፃን ጡት ይዞ ሲተው ምን ማለት እንደሆነ የማውቅ ሰው ነኝ። ብዙ አይቻለሁና ቀን መቁጠር እችላለሁ፤ የቀሩን ብዙ አይደሉም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህቺ ልጅ ግን እስኪጠራ የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም። ስለዚህ ዛሬ ማለዳ ነርሷ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ስለ ልጄ ስለ ዚነትም ነገርኳቸው። እጄን ይዘው «እማማ ራህመት፣ ዚነትን የገደላት መብላቷ አይደለም፤ ምጡ ሲጠና ሐኪም ዘንድ አለመድረሷ ነው» አሉኝ። ካርዱን ግን ያለ እርስዎ ትእዛዝ መመለስ እንደማይችሉ ነግረውኝ ወደ እርስዎ ላኩኝ።

13. ነርሷ የነገሩኝ እውነት ከሆነ እኔ ከዚነት ሞት ወዲህ የስንቱን እናት ጉርሻ እንደቀነስኩ አላህ ይወቀው። ያንን ለእርስዎ አላቀርብም፤ የእርስዎ መዝገብ አይበቃውም። ለእርስዎ የማቀርበው የሚከተለውን ብቻ ነው።

ሀ) የሀጀራ ቀይ ካርድ ሳይውል ሳያድር እንዲመለስላት፤

ለ) ድርሻዋ ለእኔ እንዳይሰጥ፣ ወደ ዳስም እንዳይገባ፤ በየቀኑ እዚሁ ጣቢያ ተበጥብጦ ነርሷ እያዩ ኩባያውን ጨርሳ እንድትመለስ። እኔን አትመኑኝ። ይሉኝታዬን አውቀዋለሁ፤ እንግዳ በር ላይ ሲቆም ነገም ቃሌን እረሳለሁ፤

ሐ) የነርሷ ምክር ለምራቶች ብቻ መነገሩ ቀርቶ እኛ አማቶችም ተጠርተን እንድንሰማ። ምራት ድስት አትከፍትም፤ ጭልፋው በእኛ እጅ ነው። ከፈቀዱልኝ ከነርሷ አጠገብ ቆሜ ያደረግኩትን በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ፤ ከነርስ ይልቅ እኔን ይሰማሉ፤

መ) ቅጣት የግድ ከሆነ የሚሰረዘው እኔ ራሴ እህል የምቀበልበት ነጭ ካርድ ይሁን። አቶ ሙላው ይህንን «እማማ፣ አይባልም፤ እውነት አርገው ቢሰርዙዎትስ?» ብለው እምቢ ብለው ነበር። እውነት አርገው እንዲሰርዙት ነው የምለው። ታሂር ሲመለስ አደራዬን የት አደረግሽው ይለኛል። ሀጀራና ኡሙሃኒ በሕይወት ቆመው ካየ፣ እኔ ከስቼ ቢያገኘኝ የሚከፋው አይመስለኝም።

ክቡር ሆይ፤ ያለ ጥፋቷ ተቀጥታ ዝም ያለችውን ልጅ እንዲያዩልኝ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ። የሚሰጡኝን መልስ በጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ከትሕትናና ከሰላምታ ጋር

ራህመት ሰይድ
(የግራ እጅ አውራ ጣት አሻራ)

የምስክሮች ቃል

እኛ ስማችን ከዚህ በታች ያለው ጥር 12 ቀን በዳስ ቁጥር 9 የሀጀራን የአራስ ገንፎ የበላን፣ ዱቄቷንም ቋጥረን የወሰድን እኛ መሆናችንን እናረጋግጣለን። ለእሷ የተሰጠ መሆኑን አላወቅንም ነበር። አንዳንዶቻችን ግን ጠርጥረን ነበር፤ ርቦን ስለነበር አልጠየቅንም።

ዘምዘም አብዱሰመድ (አሻራ)
መዲና ሙሀመድሰይድ (አሻራ)
ሰዓዳ ይማም (አሻራ)
ወይንሸት ተሾመ (አሻራ)

ቆንጅት ካሳ (አሻራ)፤ ቆንጅት ለብቻዋ ቃሌ ይጻፍልኝ ስላለች እንዲህ ተጽፏል፦ «ከሁሉም አብልጬ የበላሁት እኔ ነኝ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ቀይ ካርድ የለኝም። ሆድሽን ዓይን እንዳይበላው በነጠላ ሸፍነሽ ደብቂው፣ ለመዝጋቢም አትናገሪ ስለተባልኩ አልተመዘገብኩም።»

እኔ ጸሐፊው ማን እንዳላት ስጠይቃት ወ/ሮ ራህመትን አየቻቸው። እሳቸውም ከጎኔ ሆነው «እኔ ነኝ ያልኳት። ይህንንም ጨምርበት» ብለውኛል።

ጸሐፊ፦ ሙላው