ከገመዱ ወዲህ፦ የአቶ ደገፉ ዳልጮ የሕይወት ታሪክ

አቶ ደገፉ ዳልጮ ከአባታቸው ከአቶ ዳልጮ ባሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቄ ባልቻ፣ በወላይታ፣ ከተበላ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ግንቦት 6 ቀን 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጥንቃቄ የሚያበዙ ስለነበሩ ታላላቆቻቸው «ደገፉ ድልድዩን ሳያናግር አይሻገርም» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ይህን ቀልድ የሰማ ሰው በኋላ የሆነውን ማመን ይቸግረዋል።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተበላ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በወላይታ ሶዶ ተከታትለው በ1968 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በ1969 ዓ.ም. በውትድርና ተቀጥረው የሄሊኮፕተር ጥገና ሙያ ተማሩ፤ በዚሁ ሙያም አሥራ አራት ዓመት አገለገሉ። እሸቴ የሚባል፣ ከአንድ ሳህን የሚበሉ የሥራ ጓደኛ ነበራቸው። በ1975 ዓ.ም. እሸቴ የተሳፈረባት ሄሊኮፕተር ወድቃ እሱም አብረውት የነበሩትም አለቁ። አንዲት ብሎን ሳያጠብቅ የረሳ መካኒክ ነበር። መርሳቱ ትዝ ብሎት ነበር፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ተሳሳትኩ ያለ ሰው አሻጥረኛ ተብሎ ይታሰር ስለነበር አፉን ያዘ። ይህን ለአቶ ደገፉ የነገራቸው እሸቴ ከተቀበረ በኋላ ነው። አቶ ደገፉ «እሸቴን የገደለችው ብሎኗ ብቻ አይደለችም፤ ዝምታውም አለበት» ሲሉ ኖረዋል።

በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ አሳየሽ ጩማ ጋር በቃል ኪዳን ተጋብተው ሣራን፣ በጓደኛቸው ስም የጠሩትን እሸቴንና ቤኒን ወልደዋል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከሠራዊቱ ተሰናብተው ወደ ሶዶ ተመለሱ፤ የወፍጮ ሞተር እየጠገኑም ቤተሰባቸውን አስተዳደሩ። ቺንጋው፣ ማለት የሞተሩ ቀበቶ፣ የሰው ጣት እንዳይቆርጥ ካልተከደነ ወፍጮ ጠግነው አያስነሱም ነበር። ባለወፍጮው ቢለምንም ቢቆጣም፣ መክደኛ ካላዩ መፍቻቸውን ሰብስበው ይሄዳሉ። በዚህ ምክንያት ያጡት ደንበኛ ጥቂት አይደለም። ወይዘሮ አሳየሽ «የሰው ጣት ስትቆጥር የልጆችህን ጉሮሮ ረሳህ» ያሉበት ቀን ነበር።

በ1992 ዓ.ም. በልጉ ከሽፎ ሕዝቡ ተራበ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ብላቴ ሞልቶ ወደ ዲምቱ የሚወስደውን መንገድ ቆረጠው። አንድ የእርዳታ ድርጅት እህል በሄሊኮፕተር ወደ ዲምቱና ወደ ዙሪያዋ ማመላለስ፣ በሽተኛም ወደ ሶዶ ሆስፒታል ማድረስ ሲጀምር፣ አቶ ደገፉ ሰኔ 12 ቀን የዲምቱ ማረፊያ ሜዳ ኃላፊ ሆነው ተቀጠሩ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ ያቺን ድምፅ ከሰሙ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸው ነበር።

የመጀመሪያ ሥራቸው ሜዳውን በችካልና በገመድ ማጠር ነበር። ሞተሩ እየዞረ ማንም ከገመዱ እንዳያልፍ ደነገጉ። በተለይ የጭራው ፕሮፔለር ሲዞር ለዓይን ስለማይታይ፣ ወደዚያ የሄደ ሰው አይመለስም እያሉ ሕፃን ሽማግሌ ሳይለዩ አስተማሩ። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እንዲታይ ከሸራ እጅጌ ሰፍተው በረጅም ባሕር ዛፍ ላይ ሰቀሉ። ቤተሰባቸው ከስልጤ የመጣው የእህል ነጋዴው አቶ ከሊል ሚዛናቸውን አዋሷቸው፤ የሚጫን ሁሉ፣ ጆንያም ሰውም፣ በዚያ ሚዛን ይመዘን ጀመር። ቦርጫቸው ገፋ ያለ አንድ ሹም «እኔ ጆንያ ነኝ?» ብለው ቢቆጡ፣ አቶ ደገፉ «ጌታዬ፣ እሷ የምታውቀው ኪሎ ብቻ ነው» ብለው ኮታቸውን አስወልቀው መዝነዋቸዋል።

ሥራ ሲያልቅ ሠራተኛውን ሰብስበው እያንዳንዱ የዕለቱን ስህተቱን እንዲናገር ያደርጉ ነበር። መጀመሪያ የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ጭነቱን አላልቼ አሰርኩ፣ ዛሬ ነፋሱን ሳላይ ለአብራሪው ምልክት ሰጠሁ እያሉ። የተናገረ አይቀጣም፤ የደበቀ ይሰናበታል። ሠራተኛው መጀመሪያ አፈረ፣ በኋላ ግን ለመናገር ይሽቀዳደም ጀመር። በአሥር ሳምንት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አልተጫረም።

ያስቸገራቸው ገመዱ ነበር። በእኛ ዘንድ መንገደኛ፣ ይልቁንም በሽተኛ፣ ከሩቅ እጅ በማውለብለብ አይሸኝም። ደግፈውት ሄደው፣ አስቀምጠውት፣ ጋቢውን አስተካክለውለት ነው የሚለዩት። ስለዚህ በየቀኑ ገመዱ ዳር ልመናና ለቅሶ ነበር። አቶ ደገፉ ለሁሉም አንድ መልስ ሰጡ፤ የገዛ እህታቸውን ሳይቀር መልሰዋል።

ነሐሴ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ወይዘሮ ዓመለወርቅ የሚባሉ የዲምቱ እናት በወባ ራሳቸውን ስተው በቃሬዛ መጡ። ሄሊኮፕተሯ ሞተሯን ሳታጠፋ ይዛቸው ልትነሳ ነበር። አብራቸው የመጣችው አንድያ ልጃቸው ትዕዛዝ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቷን የምትጠብቅ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበረች። ገመዱ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። እናቴን ላስቀምጣት ብላ ለመነች፤ ተከለከለች፤ ያን ጊዜም አላለፈችም። ከሸኚዎቹ መካከል የአቶ ደገፉ አማት አቶ ጩማ ነበሩ። እሳቸውም በሰው ፊት «እናቷን በባዕድ እጅ ታስጭናለህ እንዴ ልጄ? ለእኔ ስትል አሳልፋት» አሉ። አማት ለምኖ፣ ያውም በአደባባይ፣ እምቢ ማለት ነውር ነው። አቶ ደገፉ ገመዱን በገዛ እጃቸው ከፍ አድርገው ትዕዛዝን አሳለፏት።

ትዕዛዝ እናቷን አስቀመጠች፤ እግራቸውንም ሸፈነች። ስትመለስ ነፋሱ ነጠላዋን ገፎ ወደ ጭራው ወሰደው። ልትይዘው ዞረች። ከዚህ በላይ አይጻፍም።

በሦስተኛው ቀን ድርጅቱ ሪፖርት ጠየቀ። ሽማግሌዎች መጥተው፣ የሞተ አይመለስ፣ ሦስት ልጆች አሉህ ብለው መከሩ። አቶ ደገፉም «ሟች ማስጠንቀቂያውን ጥሳ ገመዱን አልፋ ገባች» ብለው ጽፈው ፈረሙ። በዚያን ዕለት ሥራ ሲያልቅ ሠራተኛው እንደ ልማዱ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። «ዛሬ ምንም የለኝም» አሉ። ቀጥሎ የተጠየቀውም ምንም የለኝም አለ፤ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ሁሉም ምንም የለኝም አሉ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሜዳ ጥፋቱን የተናገረ ሰው የለም። አቶ ከሊል በማግስቱ ጋሪ ይዘው መጥተው ሚዛናቸውን ጫኑ። «ለእናቷ መንገር ያለብህ አንተ ነህ፤ እኔ ብነግራት ሐሜት ነው የሚሆነው» ብለዋቸው ሄዱ። ሌላው ያየ ሰው ለሽማግሌዎቹ ሲል ዝም አለ፤ ወሬው ሲደጋገም ደግሞ ያየውም ያላየውም ሪፖርቱን አመነ።

ድርጅቱ በ1993 ዓ.ም. ሥራውን ጨርሶ ወጣ። አቶ ደገፉ ወደ ወፍጮ ጥገናቸው ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቺንጋው ተከደነ አልተከደነ ብለው ማንንም ጠይቀው አያውቁም። በየወሩ በሚኒባስ ወደ ዲምቱ እየወረዱ ከወባው ድነው ብቻቸውን የቀሩትን የወይዘሮ ዓመለወርቅን ጎደሬ ይኮተኩታሉ፤ ጣራቸውን ይጠግናሉ። ወይዘሮ ዓመለወርቅም «ልጄ ቃልህን ሰምታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንተን ባላደከመች፤ እግዚአብሔር ልጆችህን ያሳድግልህ» እያሉ ይመርቋቸዋል። ያን ምርቃት ተቀብለው በተመለሱ ቁጥር ሁለት ቀን እህል አይቀምሱም ነበር። እኛ የቤት ሰዎች የዲምቱ ውኃ አልተስማማቸውም እንል ነበር። ሦስት ጊዜ ሊነግሯቸው ቆርጠው ሄደዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ ጣራ ጠግነው ተመልሰዋል።

በ2007 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ተይዘው በሶዶና በዱቦ ሆስፒታሎች ሲታከሙ ቆዩ። ባለፈው ታኅሣሥ፣ መዳን እንደሌለ ሲያውቁ፣ ልጃቸውን ሣራን ጠርተው ከላይ የተነበበውን አስጻፏት። አማታቸው አቶ ጩማ ካረፉ ቆይተዋልና እሳቸው እንዳይወቀሱ አደራ ብለዋል፤ ገመዱ በእኔ እጅ ነበር ብለዋል። እሸቴን የገደለውን ዝምታ መልሼ በዲምቱ ዘራሁት ብለውም አልቅሰዋል። ሣራ በጤናቸው ሳሉ አለመናገራቸው ሌላ ጥፋት መሆኑን ነገረቻቸው። አዎ አሉ።

የዕድራችን ሽማግሌዎች ትናንት ይህን ጽሑፍ አይተው ከነሐሴ 24 ወዲህ ያለው ይውጣ ብለው ነበር። ለደግ ነው፤ ሙት ወቃሽ አትሁኑ ብለው ነው። ነገር ግን ትዕዛዝም ሙት ናት። አሥራ ስድስት ዓመት ስትወቀስ አንድም ከልካይ አላገኘችም።

አቶ ደገፉ ዳልጮ ጥር 12 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሳየሽ፣ ሦስት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ቀርተዋል። ወይዘሮ ዓመለወርቅም ሊያለቅሱላቸው ከዲምቱ ይመጣሉና የፊት ወንበር ተይዞላቸዋል። የልጃቸው ስም የጠፋው በአደባባይ ስለሆነ የሚመለሰውም በአደባባይ ነው።

እማማ ዓመለወርቅ፣ ልጅዎ ገመድ አልጣሰችም። ከገመዱ ወዲህ ቆማ ነበር፤ ያሳለፏት አባታችን ናቸው። ይቅርታ አንለምንዎትም። አባታችን እንዳንለምን አዘዋል፤ በሰው ፊት የተለመነ ሰው እምቢ ማለት እንደማይችል ያውቁ ነበርና።

ፈራጅም መሐሪም የሆነው አምላክ የአባታችንን ነፍስ እንደ ፈቃዱ ይቀበላት። እናንተም ወገኖቻችን፣ እኛን ለማጽናናት ከመምጣታችሁ በፊት ወደ እማማ ዓመለወርቅ ሂዱ። የትዕዛዝ ለቅሶ ገና ዛሬ ነው።