ውኃው ከላይ ነው የመጣው

ሰኞ፣ ማርች 3

ነፋስ። ጣሪያው ላይ የተወጠረው ሰማያዊ ሸራ ሲርገበገብ ዋለ። ከአውሎ ነፋሱ ወዲህ አራት ዓመቱ... እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ድምፅ ያለው እሱ ብቻ ነው። ፖስታ ሳጥን ውስጥ አንድ ካርድ ነበር። ማስታወቂያ መስሎኝ ጣልኩት።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

የማዶው ጎረቤቴ ኖላን፣ "እትዬ ቬርና፣ የክሱ ካርድ ደረሰሽ?"

ገብቼ ቆሻሻውን ገለበጥኩ። ለካ ሳላውቀው ከሳሽ ነበርኩ! ጣሪያችንን አንሠራም ያለውን ኢንሹራንስ አንድ ጠበቃ በአሥራ አንድ ሺህ ደንበኞች ስም ከሶታል፤ እኔም አንዷ ነኝ። አሁን በስምምነት ሊያልቅ ነው። ኩባንያው ይከፍላል፤ ጥፋቱን ግን አያምንም። አያምንም? ከታች ለፍርድ ቤቱ መጻፊያ አድራሻ አለ።

እሑድ፣ ማርች 9

ጻፍኩ። አራት ገጽ። የኩባንያው ሰው መጥቶ "ውኃው ከታች ነው የገባው፤ ጎርፍ አንሸፍንም" ማለቱን። ባሌ አልሲድ የተቀደደውን ጣሪያ እያሳየ "ወንድሜ፣ ቀና በል እንጂ" ማለቱን። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሸራውን ሊያስር መውጣቱን... ከጣሪያው የወደቀበትን ቀን። ስለ እሱ ለሰው ካወራሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ሐሙስ፣ ማርች 20

ጠበቃችን ደወለ። "ወይዘሮ ቬርና፣ ደብዳቤዎ የስምምነቱ ተቃውሞ ተብሎ ተመዝግቧል። ካላነሱት የሁሉም ክፍያ ሊጓተት ይችላል።"

ማንን ተቃወምኩ?

"ልጄ፣ አንብበኸዋል?"

"የማንሻውን ቅጽ እልክልዎታለሁ" አለ።

እሑድ፣ ማርች 23

ወሬው ተዳርሷል። ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። ኖላን፣ "አንቺ ብቻሽን ነሽ። እኔ አልጋዋ ሥር ባልዲ ደቅና የምትተኛ ልጅ አለችኝ" አለኝ። ብቻሽን ነሽ... እውነቱን ነው። ከፋኝ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

ችሎት። ከአሥራ አንድ ሺህ ሰው የመጣሁት እኔ ብቻ።

ዳኛዋ፣ "ተቃውሞዎ ምንድን ነው?"

"የለኝም፣ ክብርት ዳኛ። ሰዎቹ ይከፈላቸው። ብቻ... ውኃው ከላይ ነው የመጣው። ባሌ ይህንኑ እንዳለ ሞተ።"

ቃሌን የምትመዘግበው የችሎቱ ጸሐፊ ጣቶች አላረፉም።

"ይኼም ይጻፋል?"

"እዚህ የተባለ ሁሉ ይጻፋል" አለች ዳኛዋ።

"እንግዲያው ተቃውሞውን አንስቻለሁ።"

"ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ" አለች ዳኛዋ። "አራቱንም ገጽ።"

አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ጁን 12

ክፍያው ደረሰን። ጣሪያውን ሊሠሩ የመጡት ሠራተኞች ሸራውን አወረዱት። አልሲድ የቋጠረው አልፈታ ብሏቸው ገመዱን ቆረጡት። ኖላን ሊያግዝ መጣ፣ ዓይኔን ሳያይ። "ልጣለው?" አለ። ቋጠሮውን ተቀበልኩት።

ከሰዓት ነፋስ መጣ። ጣሪያው ምንም አላለም። ቤቱ ጭር አለብኝ... አልቻልኩም፤ ማዶ ሄጄ አንኳኳሁ።

"የጉምቦ ወጥ ሠርቻለሁ። ልጅቷን ይዘህ ና። ስለ አልሲድ ላወራችሁ ነው።"

ኖላን ጫማውን አጠለቀ። "ረጅም ነው?"

"አራት ገጽ።"