ከሰልፍ የወጣው የዙለይኻ ጀሪካን

አቃቂ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ቲቸር ሒክማ፣

ልጻፍልሽ ወይስ ልተወው እያልኩ ወረቀቱን ስንቴ እንዳጣጠፍኩት አልነግርሽም። ፈርቻለሁ። ብደውልልሽ ድምፄ እንደሚጠፋ ታውቂያለሽ፤ ስጽፍ ግን ትንሽ እደፍራለሁ።

አባትሽን ልታስታምሚ ወራቤ ስትሄጂ ቅዳሜ ቅዳሜ የምታስተምሪያቸውን ልጆች ለእኔ ትተሽልኝ ሄድሽ። "ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ምን ላስተምር?" ስልሽ፣ "ስለ ውሃ አስተምሪያቸው፤ ውሃ ስትቀጂ አይደል ያደግሽው?" አልሽኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የዓለም ካርታውን ሰቀልኩ። አንድ አገር ያለች ልጅ ውሃ ፍለጋ ከትምህርት ቤት እንደምትቀር፣ ሌላ አገር ያለችው ግን ጥርሷን እስክትቦርሽ ቧንቧው ዝም ብሎ እንደሚፈስላት ነገርኳቸው። ከዚያ አንቺ እንዳሳየሽኝ፣ ከጆጉ ለፊተኞቹ እየሞላሁ ቀዳሁ። መጨረሻ የተቀመጠችው ዙለይኻ ጋ ስደርስ አለቀ። ብርጭቆዋን ገልብጣ አየችኝ።

"እንዴት ብንካፈል ጥሩ ነበር?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሁሉም ተንጫጩ። ዙለይኻ ግን "በጣም የሚያስፈልገው ሰው ይቅደም" አለች። "ጎበዝ!" አልኳት፤ አጨበጨብንላት። ያን ቀን አስተማሪ የሆንኩ መሰለኝ።

እሁድ ውሃ መጣ። የቦኖአችንን ሕግ ታውቂዋለሽ። ሰው ባይኖርም ጀሪካኑ ተሰልፎ ያድራል፤ የሰው ጀሪካን የነካ፣ ባለቤቱን እንደገፋ ነው የሚቆጠረው። ዙለይኻም ሕጉን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። የአራሷን የእየሩሳሌምን ጀሪካን ከሰልፉ ጭራ እየጎተተች ወስዳ ፊት አቆመችው።

"ጀሪካን እግር አወጣ እንዴ?" አለች አንዷ።

"እግር ቢያወጣማ የእኔ ይሄኔ ገላን ደርሶ ነበር!" አለ ሌላው።

ትንሽ ተሳቀ። ወዲያው ሳቁ ጩኸት ሆነ፣ ጩኸቱ ግፊያ። እየተጯጯሁ ሳለ ውሃው ሄደ፤ ከኋላ የነበሩት ባዶአቸውን ቀሩ። ቦኖውን የሚጠብቁት አባባ ሰቦቃ የዙለይኻን ክንድ ያዙ።

"አንቺ ጩጬ፣ ማነው ይሄን ያስተማረሽ?"

"ውሃ መጀመሪያ ለሚያስፈልገው ነው" አለች።

"እዚህ የማያስፈልገው ማን አለ? ለሽርሽር የመጣ አለ?"

ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ የጠበቀውን የጀሪካኔን ክዳን እንደገና ማጥበቅ ጀመርኩ። ስሜን አልጠራችም። አባባ ሰቦቃም "እንግዲያው ያስተማረሽ ሰው መጥቶ እስኪያናግረኝ ድረስ የእናንተ ቤት ጀሪካን እዚህ አይሰለፍም" አሉ። እናቷ ለመነቻቸው። እኔ አሁንም ክዳኑ ላይ እንዳጎነበስኩ ነበርኩ።

ትናንት ዙለይኻን ጀሪካን ይዛ ወደ ወንዙ ስትወርድ አየኋት። ያን ወንዝ ታውቂዋለሽ፤ ከብት እንኳ አሽትቶ ይመለሳል።

"ለመጠጥ አይደለም አይደል?" አልኳት።

"እማዬ ታፈላዋለች።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ቲቸር ሌንሳ፣ ቅዳሜ ትምህርት አለ?" አለችኝ።

ቲቸር ስትለኝ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ልጆች ሲጫወቱ የእሷን ድምፅ ካልሰማሁ፣ ታመመች ብዬ እሰጋለሁ። ሰው ሲያስል እደነግጣለሁ። ሰውንም እፈራለሁ፤ ያን ሁሉ ዓይን። እናቴ ብትሰማ "እኛንም ልታስከለክዪን ነው?" ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። አባባ ሰቦቃ የአባቴ ዘመድ ናቸው፣ ቦኖ ላይ ግን ዘመድ አያውቁም።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት እንድትደውዪላቸው ልለምንሽ ነበር። አንቺን ይሰሙሻል። አሁን ግን አትደውዪ። አንቺ ብትደውዪ ዙለይኻ ውሃ ታገኛለች፤ እኔ ግን እዚያው እንዳጎነበስኩ እቀራለሁ። ቅዳሜ ልጆቹ ፊት ቆሜ ምን እላቸዋለሁ?

ነገ ሐሙስ ውሃ ይመጣል። እናቴ ሳትነሳ እወጣለሁ። የእኛን ጀሪካን ከሰልፉ አውጥቼ በቦታው የዙለይኻን አቆማለሁ፤ የራስን ቦታ መስጠት ማንንም መግፋት አይደለም። አባባ ሰቦቃ ሲመጡ "ያስተማርኳት እኔ ነኝ" እላቸዋለሁ። ድምፄ እምቢ ካለኝም ጀሪካኑ አጠገብ እቆማለሁ፤ እስኪጠይቁኝ ድረስ ከዚያ አልነቃነቅም።

ሌንሳ