ሦስት ጊዜ የተሞሉ ጆጎች

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? አሁንም ደረጃው መሀል ላይ ስትደርሺ የጎረቤቱን አበባ የምታደንቂ እየመሰልሽ ታርፊያለሽ? ባለቤትሽ ዛሬም ሬዲዮኑን ከፍቶ ይተኛል? ልጅሽ አዲሱን መሥሪያ ቤት ለመደው? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ደብዳቤም ደህና ነኝ ብዬሽ ነበር፤ የዚያኛው ግማሹ ውሸት ነበር። የዛሬው ግን እውነት ነው፤ አንብበሽ ስትጨርሺ ራስሽ ትፈርጃለሽ።

ያልደወልኩልሽ ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። ድምፄ ገና ዘይት እንዳልነካው የበር ማጠፊያ ነው፤ ትንሽ እንዳወራሁ ይዘጋል። አንቺ ደግሞ ስልክ ላይ ማልቀስ ከጀመርሽ ማን ያስቆምሻል? ወረቀት ይሻላል። ወረቀት ላይ እንደ ድሮዬ ለፍላፊ ነኝ።

በደብዳቤሽ መጨረሻ አንዲት መስመር አስገብተሻል፤ ጨውና ስኳር ይለይልሃል ወይ ብለሽ። አይቼ እንዳላየሁ አለፍኳት። ምን ማለትሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ወደ ቀዶ ጥገናው ሊወስዱኝ ሲሉ አልጋው ላይ ተቀምጬ፣ ምላሴ ካልሠራ ሽርጤን ሰቅዬ ቤቴ እውላለሁ ብዬ የማልኩት በአንቺ ፊት ነው። ስለዚህ የጠየቅሽኝ ስለ ጨው አልነበረም፤ ሃያ ስድስት ዓመት የቆምኩበትን ምድጃ አጣኸው ወይ ነው ያልሽኝ።

በመጀመሪያ ትልቁን ነገር ልንገርሽና ይቅለልሽ። ከምላሴ ሥር ያለውን እብጠት ነቅለው አውጥተውታል፤ ከምላሴም ቆረስ አድርገዋል። ሐኪሙ የቀረው ንጹሕ ነው ብሎ በፊርማው ሰጥቶኛል። ሦስት ሳምንት በአፍንጫዬ በገባ ቱቦ ከተመገብኩ በኋላ የመዋጥ አስተማሪ መደቡልኝ። አዎ፣ እንደዚያ የሚባል ሙያ አለ። የልጅሽ እኩያ ናት፤ ነጭ ጋወን ለብሳ ፊት ለፊቴ ትቀመጥና አገጭዎን ወደ ደረትዎ፣ ትንፋሽዎን ያዝ፣ ዋጥ፣ አሁንም ዋጥ፣ ሳል ያድርጉ፣ አሁን ይተንፍሱ ትለኛለች። ሃምሳ ሦስት ዓመት ያለ ፈቃድ ስውጥ ኖሬ አሁን ተያዝኩ አልኳት። ስትስቅ ቆየችና፣ ሲስቁ ግን አይዋጡ ብላ አዲስ ሕግ ጨመረችብኝ።

ከሁሉ የከፋው ጠላቴ ውሃ ነው። ዳቦ ቢያስቸግርም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ውሃ ግን ሳላስበው ወደ ሳንባ መንገድ ይሮጥና እስክሞት ያስለኛል። ስለዚህ የሚያወፍረው ዱቄት ሰጡኝ፤ አንድ ማንኪያ ሲገባበት ውሃው እንደ ማር ይሆናል። ውሃ በማንኪያ በላሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? የመጀመሪያውን ቅቅል እንቁላል ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። አሁን አሥራ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ዳቦም በሾርባ አርሼ እበላለሁ። በዚህ በኩል አሸንፌያለሁ፤ ቢያጨበጭቡልኝም አይበዛብኝም።

ጣዕሙ ነው እምቢ ያለው። የምቀምሰው ሁሉ ብረት ብረት ይላል፤ ቁልፍ አፌ ውስጥ ይዤ የምውል ይመስለኛል። ስኳር አሸዋ ነው። ሎሚ ትንሽ ትሰማኛለች፤ ጨው ግን ጨርሶ የለም። ጨው የሚባል ነገር ከዓለም ላይ ጠፍቷል። አስተማሪዬ፣ አንዳንዱ ጣዕም በወራት ይመለሳል፣ አንዳንዱም ላይመለስ ይችላል፣ እስከዚያው በብረት ማንኪያ አይብሉ ብላ የፕላስቲክ ማንኪያ ሰጠችኝ። ያቺን ማንኪያ ደረት ኪሴ ሰክቼ፣ በአራተኛው ወር መጨረሻ፣ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ተመለስኩ። ለማንም ምንም አልተናገርኩም። እጄ ያውቀዋል፣ ሃያ ስድስት ዓመት የለካ ጭብጥ አይሳሳትም ብዬ ነው።

የእኛን ወጥ ቤት ሥርዓት አንድ ቀን ነግሬሽ ይሆናል። የጫማ ፋብሪካው ሠራተኛ ሦስት መቶ አርባ ነው፤ ሁሉም ምሳውን ከእኛ ካፍቴሪያ ነው የሚበላው። እኔ ሳልቀምስ አንድም ድስት በምግብ ማቅረቢያው መስኮት አይወጣም። ቀምሼ ስጨርስ ክዳኑን በማንኪያ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደርጋለሁ። ክዳኑ ከተመታ በኋላ ስለዚያ ድስት አፉን የሚከፍት የለም፤ ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ጭቅጭቅ ሰልችቶኝ ነበር። የሾርባውንም ጨው የምጨምረው እኔ ነኝ፤ ድንቹ ከበሰለ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ፣ በጭብጤ።

ለካ እኔ በሌለሁበት አራት ወር ምክትሌ ሥራውን በራሷ መንገድ ይዛዋለች። ሻምበል ነው የምንላት፤ ድምፅዋን ብትሰሚ ለምን እንደሆነ አትጠይቂም። እሷ ጨውን ከመነሻው ከውሃው ጋር ነው የምትጨምረው። ያን ሰኞም እንደለመደችው ጨመረች። እኔም እንደለመድኩት መጨረሻ ላይ በጭብጤ በተንኩበት፤ በፕላስቲክ ማንኪያዬ ቀመስኩ፣ አገጬን ወደ ደረቴ አድርጌ ዋጥኩ፣ እንደሚጣፍጠው ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያም ዓይኔን በጨው ታጥቤ ክዳኑን ሁለት ጊዜ መታሁት። ሻምበል ከአጠገቤ ነበረች። አፏ ተከፈተና ተመልሶ ተዘጋ።

ምሳው ወጣ። ሳህኖቹ ጥርግ ብለው ተመለሱ። የፋብሪካው የቆዳ ቆራጮች አለቃ የሚባል ሰው አለ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ያልነቀፈው ምግብ የለም፤ አንድ ጊዜ ድንቹ አኮረፈኝ ብሎ መልሷል። እሱ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ግማሽ ጭልፋ ጨምርልኝ አለኝ። ልቤ በአራት እግሩ ዘለለ። አየህ፣ እጅህ አልረሳም አልኩ ለራሴ፤ ሽርጤን እያስተካከልኩ አዳራሹን በኩራት ተመለከትኩት።

ያኔ ነው ጆጎቹን ያየኋቸው። አሥራ ሁለት የውሃ ጆግ ጠረጴዛዎቹ ላይ ይቀመጣል፤ በምሳ ሰዓት አንድ ጊዜ ይሞላል፣ በሙቀት ወራት ሁለት ጊዜ። ያን ቀን ዝናብ እየዘነበ፣ ሰው ሁሉ ኮቱን ሳያወልቅ እየበላ፣ አሥራ ሁለቱም ጆጎች ለሦስተኛ ጊዜ ተሞልተው ሲወጡ አየሁ። ባዶ ሆነውም ተመለሱ። ክው አልኩ።

ሻምበልን ወደ ዕቃ ቤት ጠራኋትና ሰው ይህን ያህል ውሃ የጠጣው ሾርባው ምን ሆኖ ነው አልኳት። ሙቀቱ ነው አለች። ዝናቡን በመስኮት አሳየኋት። ያኔ፣ ጋሼ፣ ሁለታችንም ጨምረናል፤ ክዳኑን ሲመቱት ምን ልበልዎ አለችኝ። ለካ እኔ እጄን ስታጠብ አዳራሹ ውስጥ ገብታ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞራለች። ዛሬ የተረፈበት ሳህን እንዳላይ፣ ሰውየው ዛሬ ገና መመለሱ ነው ብላ አዝዛለች። ሦስት መቶ አርባ ሰው ያን ጨው ዋጠው። ቆራጩ ጭራሽ አስጨመረበት።

እሷን ወደ ሥራዋ ልኬ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያ ተናደድኩ፤ እኔን እንደ ሕፃን አታለሉኝ ብዬ። ከዚያ ንዴቱ ሲበርድ ሌላ ነገር መጣብኝ። እህቴ ሆይ፣ እማዬ መጣችብኝ።

ልጅሽ የተመረቀ ቀን ትዝ ይልሻል። እንግዳ ቤቱን ሞልቶት፣ እማዬ ማንንም አላስጠጋም ብላ ሩዙን በራሷ እጅ ሠርታ አቀረበች። እኔ ባለሙያው ልጇ አንድ ጉርሻ ቀምሼ ማንኪያዬን አስቀመጥኩና፣ እማዬ፣ ጨው ነው እንዴ የቀቀልሽው አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሰው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ምድጃ አጠገብ አልቆመችም። እኔም ደከማት፣ ዕድሜ ነው ስል ነበር። አንቺ ያን ዕለት እንግዳውን ሸኝተሽ ስትመለሺ፣ ከቀረበልህ ሁሉ የቀመስከው ጨዉን ብቻ ነው ወይ አልሽኝ። ሌላ አልጨመርሽም። ግን ከዚያ ወዲህ ቤትሽ ስመጣ ምሳው ከምግብ ቤት ታዞ ነው የሚጠብቀኝ። ሳህን የማጠብ ስንፍና አስመስለሽ አለፍሽው፤ እኔም ያመንኩ መስዬ እበላ ነበር።

ጆንያው ላይ ሆኜ ያን ምሳ አንድ በአንድ አስታወስኩት። ሁላችንም ስንቀመጥ አንቺ አልተቀመጥሽም። ውሃ ይዘሽ ከሰው ሰው ትዞሪ ነበር። የሰው ብርጭቆ ሳይጎድል ትሞዪ ነበር። የራስሽን ሳህን ደግሞ እማዬ እያየችሽ አንዲት ፍሬ ሳታስቀሪ ነው የጨረስሽው። ያኔ እንግዳ አክባሪነትሽ ነው ብዬ ነበር። የእማዬን ጨው መብዛት ደብቀሽ መብላት ከጀመርሽ ስንት ወር ሆኖሽ ነበር፣ እህቴ? አትንገሪኝ፤ ማወቅ አልፈልግም። ፋብሪካ ሙሉ ሰው ለእኔ ያደረገውን እኔ ለእናቴ በአንድ ሳህን አላደረግሁትም፤ ይህን ካወቅሁ ይበቃኛል። ያን ዕለት ዕቃ ቤት ውስጥ አለቀስኩ። እያለቀስኩ ስውጥ እንዳያንቀኝም አገጬን ወደ ደረቴ አደረግሁ፤ ትምህርት ትምህርት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ምድጃ ሳይለኮስ ሰባቱንም የወጥ ቤት ሠራተኞች ሰብስቤ ነገርኳቸው። ጨው አይሰማኝም፣ ስኳር አይሰማኝም፣ ትናንት ዋሽቻችኋለሁ አልኩ። ወይ ያለቅሳሉ ወይ ያዝኑልኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ሻምበል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ የፕላስቲኩን ማንኪያ ያየን ለት አውቀናል፣ እርስዎ እስኪነግሩን ነው የጠበቅነው አለች። ቀጥላም፣ ታዲያ ሽንኩርቱ ይከተፍ ወይስ ስብሰባ ነው የምንውለው አለች።

ሽርጤንም አልሰቀልኩም። በእርግጥ ለመስቀል እጄ ወደ ቋጠሮው ሄዶ ነበር። ሻምበል ግን ድንቹ ሲንፈቀፈቅ ሰምተው መብሰሉን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ወዴት ነው የሚሄዱት ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው። ጆሮዬ አለ፣ ዓይኔ አለ፣ ከአፍንጫዬም ግማሹ አለ። አሁን ድስቱን እኔ አዳምጣለሁ፣ እሷ ትቀምሳለች። ክዳኑን ከመምታቴ በፊት ጨውስ ብዬ በሁሉም ፊት እጠይቃታለሁ። ያቺን አንዲት ቃል የመጀመሪያው ቀን ማውጣት ከእንቁላሉ የባሰ ከብዶኝ ነበር፤ አሁን ግን ቀለለኝ። አሮጌውንም ሕግ ሽሬዋለሁ፤ ክዳኑ ቢመታም ያልጣመው ይናገር ብያለሁ።

ዓርብ ዕለት የቆራጮቹ አለቃ ሳህኑን ይዞ መስኮቱ ላይ ተደገፈና፣ ይሄ ሾርባ የሕመምተኛ ነው እንዴ፣ ጨው የሚባል አልነካውም ብሎ ጮኸብኝ። እህቴ፣ ዘልዬ ልስመው ነበር። ሻምበል ከኋላዬ ቀምሻለሁ፣ ልኩ ነው ብላ ስትጮኽበት፣ እኔ መሀላቸው ቆሜ እንደ ጌታ ፈገግ እል ነበር። በእነዚህ አራት ወራት ውስጥ እንደዚያ ቀን ጤነኛ የሆንኩበት ቀን የለም።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሱ አይለይልኝም ነው፤ ምድጃዬ ላይ ግን አለሁ።

አሁን ደግሞ እኔ ልለምንሽ። የሚመጣው እሁድ ለምሳ እመጣለሁ። እባክሽ ከምግብ ቤት አትዘዢ። በእጅሽ አብስዪልኝ፤ ለስለስ ያለ ይሁን እንጂ የፈለግሽውን። ውሃ ይዘሽ አትዙሪ፤ ዱቄቴን ይዤ ስለምመጣ የራሴን ውሃ እዚያው አወፍራለሁ። አንዷን ሳህን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ብቆይ አትደንግጪ፤ ስበላ አልናገርም፣ እየሳቅሁም አልውጥም፣ ስለዚህ ባለቤትሽ ቀልዱን እስክጨርስ ያቆይልኝ።

እስከዚያው ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርገው፣ የልጅሽን መንገድ ያቅናው። እናታችንን ነፍሷን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

እሁድ በልቼ ስጨርስ፣ ድምፄ እስኪወጣ ጠብቂኝ። እጅሽ ይባረክ እልሻለሁ፤ ጨዉ ይብዛ ይነስ ሳላውቅ። ያን ቀን ለእማዬም፣ እያወቅሁ፣ ማለት የነበረብኝ ይህንኑ ነበር።

ታናሽ ወንድምሽ